ለጋሼ የተጻፈ ካርድ

ታላቅ ወንድሜ እኔን ለሰው ማሳየት ይወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሻይ ይቀርባል፣ ቀጥሎ እኔ እቀርባለሁ። "ኩላሊቱን የሰጠኝ ይሄ ነው" ይላል። እንግዳው ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ያየኝና "ታዲያ ምንም አልሆነም እኮ!" ይላል። "ምን ይሆናል? በሬ ነው!" ይላል ወንድሜ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እንደሆንኩ ያወቅኩት ኋላ ነው።

ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ታናሻችን ሚጣ ገና ዳዴ ትላለች። እሱ ማስተማር ጀምሮ ስለነበር አባትም ወንድምም ሆነን። ስናጠፋ ይገርፈናል፤ ስንታመም ግን አዝሎን ሐኪም ቤት የሚሮጠው እሱ ነው፣ ይህን አልክድም። ኋላ ርእሰ መምህር ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ አለው። እኔ ትምህርቱ አልሆነኝም። ከፊደል የወደድኩት መልኩን ብቻ ስለነበር ታፔላ ጸሐፊ ሆንኩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

የጋሼ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ ሲባል ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የሆስፒታሉ ሲስተር "በደንብ አስበህበታል?" ስትለኝ፣ "አንዱ የሚበቃኝ ከሆነ ፈጣሪ ሁለት ለምን ሰጠኝ ታዲያ?" አልኳት። ሳቀች። በሳምንቱ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ በሦስት በሦስት ወሩ ሆስፒታል ይሄዳል። ደሙ፣ ሽንቱ፣ ልቡ፣ ዓይኑ ሳይቀር ይታያል። ቤቱም የግፊት መለኪያ አለው፤ ጧትና ማታ እየለካ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል። እኔ በዓመቱ አንድ ቀን ተጠርቼ ደምና ሽንት ሰጠሁ፣ ግፊቴንም ለኩኝ። "ችግር ካለ እንደውላለን" አሉኝ። ማንም አልደወለልኝም። ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ወደ መሰላሌ ተመለስኩ።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ኩላሊቱ ደከመ። "ያንተ ኩላሊት ሰነፈ" አለኝ ጋሼ፣ አበላሽቼ የሸጥኩለት ዕቃ ይመስል። ሚጣ ተመርምራ እሷም ትስማማለች ተባለ። ለዓርብ የስምምነት ወረቀት ልትፈርም ተቀጠረች። እሑድ ዕለት ሁለታችንንም ቤቱ ጠራን።

"እስቲ ተነሣ" አለኝ። ተነሣሁ።

"ዙር።" ልብስ እንደሚለካ ሰው ዞርኩ።

"እዪው እንግዲህ" አላት። "ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬም መሰላል ላይ ነው የሚውለው። ምን ጎደለው?"

ሚጣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። "እውነት ምንም አልሆንክም?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት። "ራሴን እንኳን አሞኝ አያውቅም።"

ዋሸሁ። ማጅራቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ራስ ምታት ከጀመረኝ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ቀለም የማቀጥንበት የአኳራጁ ሽታ ነው እያልኩ አልፈዋለሁ። ያን ቀን ግን በጋሼ ፊት በሬ ነበርኩ፣ በሬ ደግሞ ራሱን አያመውም።

ማክሰኞ የአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ልጽፍ ወጣሁ። ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ በኮምፒውተር የታተመ ፕላስቲክ ነው የሚሰቅለው፤ የዚያች መድኃኒት ቤት ባለቤት ግን በእጅ የተጻፈ ፊደል የምትወድ ሴት ናት። መሰላሉ ሰባት ደረጃ ነው። በአምስተኛው ላይ ትንፋሼ እምቢ አለ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ብሩሹ ከእጄ ወድቆ የሴትዮዋን መስኮት ቀይ አደረገው። እንደምንም ወርጄ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቷ የግፊት መለኪያ ክንዴ ላይ አሰረችና ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ።

"መቶ ዘጠና በመቶ አሥር" አለች። "የግፊት ክኒን ትወስዳለህ?"

"ለምኑ? ማሽንሽ ተበላሽቶ ይሆናል።"

"ማሽኔ ደህና ነው። አንተ አይደለህ እንዴ ኩላሊቴን ሰጥቻለሁ ብለህ የምታወራው? ታዲያ ግፊትህን አትለካም?"

"ወንድሜ ይለካል" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። እሷም ሰማችው፤ "ነገውኑ ሆስፒታል ሂድ" አለችኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ሆስፒታል ሄድኩ። የልብ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "ጋሼ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ" አለችኝ። ጋሼ የሚባለው ሌላ ሰው ነው ልላት ነበር። ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ ቀብታ ልቤን በአልትራሳውንድ ረጅም ጊዜ አየችው።

"የልብዎ ግድግዳ ወፍሯል" አለች። "ደንድኗል ማለት ይቻላል።"

"እንደ ፈርዖን?" አልኳት። አልሳቀችም።

"ግፊት ሲበዛበት ልብ ደምን ለመግፋት ይታገላል፤ ሲታገል ጡንቻው ይወፍራል፣ ውሎ አድሮ ይደክማል። ይሄ የአንድና የሁለት ዓመት ነገር አይደለም። ስንት ዓመትዎ ነው ግፊት ከያዘዎት?"

"ከትናንት ወዲህ።"

ጠባሳዬን ስታይ ነገርኳት። ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገች። "ማን ነው የሚከታተልዎት?"

"ማንም።"

"ይስሙኝ" አለች። "ኩላሊት የሰጠ ሰው ሁሉ ልቡን አይታመምም። ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ያረጃሉ። ግን አንድ ኩላሊት የቀረው ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ ግፊቱን መለካት፣ ሽንቱንና ደሙን መታየት አለበት። ግፊቱ ከፍ ካለ የቀን አንዲት ክኒን ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። አሁንም መድኃኒት እንጀምራለን፣ ውፍረቱም በከፊል ሊመለስ ይችላል። መሰላሉን ግን ለጊዜው ይተዉት። የድሮ ካርድዎን ደግሞ ካርድ ክፍል ጠይቀው ያምጡልኝ።"

መሰላሉን ይተዉት! ታፔላ ጸሐፊን መሰላል ተው ማለት ሹፌርን መሪ ልቀቅ ማለት ነው። እየተነጫነጭኩ ወደ ካርድ ክፍል ወረድኩ።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ የአቧራ መከላከያ አፏ ላይ አድርጋ በመደርደሪያዎቹ መካከል ጠፋች። ተመለሰች። "በስምህ ካርድ የለም።"

"እንዴት አይኖርም? ቆርጣችሁ ያወጣችሁት ከማን ነው ታዲያ?"

"አስታማሚ ነበርክ ወይስ ታካሚ?"

"ሰጪ ነበርኩ። ለወንድሜ።"

የወንድሜን ስም ጠይቃኝ ተመልሳ ገባች፤ በሁለት እጇ ታቅፋ ትራስ ትራስ የሚያህሉ ሦስት ማኅደር አመጣች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የታየ ሰው ወረቀት እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ከፍታ ስትገልጥ ከሆዱ አንድ ቀጭን፣ ቢጫ የሆነ ካርድ ወጣ። ላዩ ላይ በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር ፊደል፣ አንድ ቃል ተጽፏል። "ለጋሼ" ይላል።

ፊደሉን ወዲያው አወቅኩት። የእኔ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ፣ ኩላሊቴን ከመስጠቴ በፊት ስመረመር፣ የመዝገቡ ሠራተኛ ሥራ በዝቶበት ካርዱንና ማርከሩን ገፋልኝና "ጸሐፊ ነኝ አላልክም? ላዩ ላይ ለጋሽ ብለህ ጻፍበት" አለኝ። ለጋሽ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከታፔላ ነው። "በለጋሽ ድርጅቶች ድጋፍ የተሠራ" እያልኩ ስንት የውሃ ጉድጓድ ላይ ጽፌአለሁ! ለጋሽ ማለት ለእኔ መኪናና ቢሮ ያለው ድርጅት እንጂ ሰው አይደለም፤ እኔማ ጭራሽ አይደለሁም። ምርመራው ለማን ነው? ለጋሼ ነው። ሠራተኛውም "ለጋሼ" ያለ መሰለኝ። ሳድሱን ኃምስ አደረግኩት፤ ከ"ሽ" እግር ሥር አንዲት ቀለበት ጨመርኩና ካርዱን መለስኩለት። የጋሼ ነው ብለው ከጋሼ ማኅደር ጨመሩት። ስልክ በሚለው ቦታ የተጻፈውም የጋሼ ስልክ ነው፤ ያኔ እኔ ስልክ አልነበረኝም። በፊደል አጣጣሌ የምኮራ ሰው በአንዲት ቀለበት ራሴን ከሆስፒታሉ ሰረዝኩ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴትዮዋ ካርዱን ስትገለብጠው ግን በዓመቱ ተጠርቼ የተመረመርኩ ዕለት የተጻፈ ጽሑፍ አለበት።

"የለጋሹ የደም ግፊት 150 በ95። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ታይቷል። የግፊት መድኃኒት ይጀምር፤ ክትትል ያስፈልገዋል።" ከሥሩ በሌላ እጅ፦ "ለታላቅ ወንድማቸው ተነግሯል። ፈርመዋል።" ከዓመት በኋላ፦ "ለጋሹ አልቀረቡም። ለታላቅ ወንድማቸው በድጋሚ ተነግሯል። ፈርመዋል።" ከሌላ ዓመት በኋላ ያው ቃል፣ ያው ፊርማ። ከዚያ "ለጋሹ ስላልቀረቡ ክትትሉ ተቋርጧል" ይልና ያበቃል።

ፊርማው የማን እንደሆነ ሴትዮዋ እንድታስረዳኝ አላስፈለገኝም። በትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴ ላይ "የወላጅ ፊርማ" በሚለው ቦታ ስምንት ዓመት ያየሁት ፊርማ ነው። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። 

በቀጥታ ቤቱ ስሄድ ጋሼ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግፊቱን እየለካ ነበር። ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆይ አለኝ። ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈና "አንድ መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ" አለኝ ደስ ብሎት። "ኩላሊቱ ቢሰንፍም ልቤ የወጣት ነው ብሎኛል ሐኪሙ።"

ስልኩን ሰጠሁት። "ጋሼ፣ ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ደግሞ አላየም።

"የድሮ ነገር ነው" አለ።

"ምን ተብለው ነው የፈረሙት?"

"ልነግርህ ነበር። ያኔ ከቁስልህ ከተነሣህ ገና ዓመትህ ነው፤ ትደነግጣለህ ብዬ።"

"በሁለተኛው ዓመትስ?"

"በሁለተኛው ዓመት..." መነጽሩን እንደገና ጠረገው። "አምና ለምን አልነገሩኝም ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛው ላይማ ምኑን እነግርሃለሁ?"

"አንዲት ክኒን ነበር እኮ ጋሼ። የቀን አንዲት ክኒን።"

"አንተ ምን አለብህ!" አለ ድንገት ጮክ ብሎ። "አንተ ሰጪ ነህ። የሰው ሥጋ ይዞ መኖርን አታውቀውም። ውለታህ ከበደኝ! ሰው ሁሉ አንተን አይቶ 'ምንም አልሆነም' ሲል ነው ትንፋሽ የማገኘው። ታመመ ካሉኝማ ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ይሄን ይዤ እንዴት እኖራለሁ?"

"ይኸው ኖርክ" አልኩት። "እኔን ማዞር መች ቸገረህ? አሥራ ሦስት ዓመት እያወቅክ በሬ እያልክ አዞርከኝ።"

አንተ ማለቴን ሁለታችንም እኩል ሰማን። ፊቱ ላይ ከፊርማው ይልቅ ይቺ የባሰች ነገር ሆና አየኋት። በልጅነቴ እንዲህ ብለው ኖሮ ጥርሴን ያራግፈው ነበር። አሁን ግን ወንበሩ ላይ ትንሽ ሆኖ ተቀመጠ።

"ለሚጣ እስከ ዓርብ አትንገራት" አለኝ በለሆሳስ። "ትፈርም፣ ይለቅ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ በየዓመቱ እኔው ራሴ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ።"

"ሦስት ጊዜ ፈርመህ ለእኔ አልነገርከኝም።"

"ካልሰጠችኝ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው የምወድቀው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ፣ ስንት ጊዜ እቆያለሁ? ልትገድለኝ ነው?"

 በሩን ክፍቱን ትቼው ወጣሁ።

ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በየመንገዱ ራሴ የጻፍኳቸው ታፔላዎች አሉ፤ ያን ቀን አንዱንም ቀና ብዬ አላየሁም። ዝም ብል ምን አለበት? አልኩ ለራሴ። ሚጣ ጤነኛ ናት፤ ሐኪሟም ብዙዎቹ ደህና ያረጃሉ ብላለች። ጋሼ ደግሞ በጀርባው አዝሎኛል። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን የጋሼም የመጀመሪያው ዝምታ ልክ እንደዚህ፣ በደግ ሰው ድምፅ "ትደነግጣለህ ብዬ" ብሎ ነው የጀመረው። ይህን ሳስብ የራሴን ዝምታ ጠላሁት።

ሚጣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ናት፤ የሸሚዝ አንገትጌ ጠማማ ሆኖ ካገኘች መልሳ ታስፈታለች። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሄድኩባት። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከሁለት መቶ ሴቶች ጫጫታ መካከል፣ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ትበላ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት። መሰላሉን፣ ልቤን፣ ካርዱን፣ ሦስቱን ፊርማ። እሑድ ዕለት ፊቷ ላይ መዋሸቴንም። "አትስጪ ልልሽ አልመጣሁም" አልኳት። "ብትሰጪ ካርድሽ በራስሽ ስም፣ ስልክሽም የራስሽ ይሁን። በየዓመቱ ተለኪ። ይሄው ነው።"

ፎቶውን ቀርባ አየችው። አንገትጌ እንደምታይበት ዓይኗ፣ ከዳር እስከ ዳር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ታላቄ ነህና እንዳትዋሸኝ፤ እሑድ ዋሽተኸኛል። ያኔ ልብህ እንዲህ እንደሚሆን ብታውቅ ኖሮ ትሰጣቸው ነበር?"

አልሰጠውም ነበር ልላት በጣም ፈለግኩ። ከረቡዕ ጀምሮ ሆዴ የሚፈልገው ይህን ቃል ነበር። ቃሉ ግን ውሸት ነው፣ እኔም ውሸት ሰልችቶኛል።

"እሰጠው ነበር" አልኳት። እንባዬ መጣ፤ ከሁለት መቶ ሴት መካከል ማን ያየኛል ብዬ ተውኩት። "ሳላቅማማ ነው የምሰጠው። እሱ ነው የሚያናድደኝ። ያ ሁሉ መደበቅ ለምን አስፈለገ?"

ሚጣ የምሳ ዕቃዋን ከደነች። ሳትጨርስ ነው የከደነችው።

"እኔም እሰጣቸው ነበር" አለች። "ዓርብ ልፈርም ፈቃድ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ግፊት ሊኖር ይችላል ቢሉኝም እሰጣቸው ነበር።" ተነሥታ ጋዋኗን አስተካከለች። "ጋሼ እውነቱን ካወቅኩ እንደማልሰጣቸው አስበው ነው የደበቁን። እንግዲህ እንዳሰቡት ይሁንላቸው።"

"ሚጣ..."

"ደወል ሊደወል ነው። መድኃኒትህን እንዳትረሳ።"

ወደ ማሽኖቹ ተመለሰች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከግቢው በር ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

"ነገርካት?" አለኝ።

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"አትመጣም።"

 ትንፋሹ ይሰማኛል። ሊረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

"አንተስ" አለኝ በመጨረሻ፣ አዝሎኝ በሚሮጥበት ጊዜ በነበረው ድምፅ። "ግፊትህ ዛሬ ስንት ነው?"

ስንት እንደሆነ አውቅ ነበር። ጧት ተለክቻለሁ። አልነገርኩትም።